ታንከሩ ከጋቢና ይውጣ

ጥቅምት 24፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰ.

ድንች አደረስኩ። አንዱ ምግብ ቤት ትንንሽ ነው ብሎ ከንፈሩን ጣለ። ጥሎ ይቅር። ዳማ ዛሬ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ዳማ መኪናዬ ናት፣ አባዬ በቁማቸው ያወረሱኝ አሮጌ ፒክአፕ። ቀለሟ ዳማ ፈረስ ስለሚመስል ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ጋቢናው ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ልጄን ማስተዋልን ት/ቤት አድርሼ ነበር ወደ ሥራ የምሄደው። ዛሬ ከአባቷ ጋር በእግሯ ሄደች። በመስኮት አየኋት። ከመኪናዋ ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ተሻግራ አለፈች፣ ተናካሽ ውሻ እንደታሰረበት ደጅ።

ስማኝ ደብተር። አንተን የገዛልኝ ባሌ ይበልጣል ነው። መምህር ነው፤ ንዴት ሲይዝሽ ሰው ላይ ከምትጮኺ እዚህ ላይ ጩኺ አለኝ። እንግዲህ ቻለው።

ቅዳሜ ከአምበር ገበያ ስንመለስ፣ መሀል መንገድ ላይ ማስቱ ቤንዚን ይሸታል አለችኝ። እኔ ምንም አይሸተኝም። ከዚያ ከክፉው ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ሽንኩርት ቢያርብኝ እንኳ የማውቀው ጭሱን ሳይ ነው። ይህን እያወቅኩ ምንም አይሸትም አልኳት! ትንሽ ቆይታ ደገመችልኝ። መንገድ ላይ አስቁማ ለስላሳ ልታስገዛኝ መስሎኝ ተቆጣኋት። ዝም አለች። ዝም ስትል እሰይ አልኩ። ዞር ብዬ ሳያት አንገቷ ወድቋል።

እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። አውርጄ ሣር ላይ አስተኛኋት። ነፋስ ሲነካት አስመለሳትና ነቃች። ጤና ጣቢያ፣ የቤንዚን ትነት ነው አሉን። የዳማ ታንከር ያለው ጋቢናው ውስጥ ነው፣ ከወንበሩ ጀርባ። ድሮ እንዲያ ነበር የሚሠሩት። አርጅቶ ስፌቱ ያዣል፤ ልጄ እሱን ስትምግ ነው የመጣችው። የእሷ በኩል መስኮት ደግሞ ከተበላሸ ስንት ጊዜው።

ይበልጣል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ታንከሩ እዚያ እስካለ ልጄ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም አለ። ልጄ ነው ያለው። ልጃችን አላለም።

የማስቱ ይብሳል። «ሁለቴ ነግሬሽ ነበር» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ታንከሩ ይወጣል። አለቀ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

እድሪስ ጋራዥ። ከመነኻሪያው በታች ያለው፣ ከአባቱ የወረሰው። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና በደ/ማርቆስ አንድ ነበሩ። እድሪስም እጁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሻይ ሳይጠጣ ካቻቢቴ አያነሳም። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ መጣ። የጋቢናውን በር ከፈተና ወዲያው ፊቱን አዞረ።

«የሺ፣ እስከ ዛሬ በማን ዱዓ ነው በሕይወት ያለሽው?»

በእናቴ ጸሎት አልኩት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጭነሽ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ስንቱን! 

ስፌቱን ልጠግንልሽ አለ። እምቢ። ዛሬ ቢጠገን ከርሞ ያዣል፣ እኔ ደግሞ ሲያዥ አይሸተኝም። ከጋቢናው ይውጣ አልኩት። ራሱን እያከከ ከሥር ገባ። ስኮርታው ጎማ የተንጠለጠለበት ቦታ፣ ከካሶኒው ሥር፣ በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል፣ ይበቃል አለ። ስኮርታው ወደ ላይ ካሶኒው ላይ ይወጣል። አሮጌው ታንከር ግን እዚያ አይገባም። ቢገባም የበሰበሰ ነው። ሌላ መፈለግ አለብኝ።

ከዚያ ደግሞ ያስፈራራኛል። ፓምፗ ከዚያ ሁሉ ርቀት ቤንዚን መሳብ ሊያቅታት ይችላል ይላል። ያቃታት እንደሆነ ያኔ እናለቅሳለን፣ ዛሬ ምን አስለቀሰን አልኩት።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አምበር፣ አባዬ ዘንድ፣ በሚኒባስ፤ ዳማ እድሪስ ጋ ናት። በራሴ መኪና በምሄድበት መንገድ በሰው መኪና ተጠቅጥቄ! ለአባዬ በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ጤፋቸውን ሲያዩ አገኘኋቸው። ነገሩን ገና ሳልጨርስ አይሆንም አሉ። ያን ታንከር ተደግፈው ነው ስንት ሌሊት መንገድ ላይ ያደሩት። ከጀርባዬ ሆኖ ማን ቤንዚኔን ይሰርቀኝ ነበር አሉ። ከሥር ከሆነ ሌባ በቱቦ ይመጠዋል፣ ድንጋይ ይበሳዋል፣ ሁሉ ነገር ይሆናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለአባዬ ነው። ለእኔም ነው፤ ከሌላ አላመጣሁትም። ከጤፉ ዳር ቆመን ተከራከርን፣ የሚያልፍ ሁሉ እንደምን ዋላችሁ እያለን።

በመጨረሻ ስለ ማስቱ ነገርኳቸው። አልነገርኳቸውም ነበር እስካሁን። ዱላቸውን ያዙና ቁጭ አሉ።

«ልጅቱን ነው?»

አዎ አባዬ።

መሬቱን በዱላቸው ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ አውጪው አሉ። ግን ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ ቁልፍም ከእኔ ዘንድ ይቀመጥ አሉ። ለምንዎ ነው ብላቸው፣ አባቷ አይደለሁም ወይ አሉኝ። የእኔ አባት ይሁኑ የዳማ አልገባኝም። እሺ አልኩ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ተገኘ! አማኑኤል ከተማ፣ አንድ ሱቅ ጓሮ የተጣለ ሚኒባስ አለ ብለው ለእድሪስ ነግረውት ነበር። ሞተር የለውም፣ ጎማ የለውም፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ ትታቀፋለች። ታንከሩ ግን ጤነኛ ነው። እድሪስ ከሥሩ ገብቶ በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ የከብት ሐኪም ነው የሚመስለው። ባለሱቋ ሴትዮ ዶሮዋ እንዳትደነግጥ በእርጋታ ፍቱት እያሉ ከላይ ይቆጣጠራሉ። ዶሮዋ ንቅንቅ አላለችም።

ዳማ የራሷን አዲስ ታንከር በራሷ ጀርባ ተሸክማ ማርቆስ ገባች። መስኮቱን ከፍቼ እየዘፈንኩ ነዳሁ። ድምፄ መጥፎ ነው፣ እድሪስ መስክሯል።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አሮጌው ወጣ። ብሎኖቹ ዝገው እንደ ክፉ ጥርስ እምቢ አሉ። እድሪስ ብየዳም መጋዝም አልነካም፤ ብልጭታ እዚህ ቤት ዛሬ ሐራም ነው አለ። በዘይት እያራሰ፣ በእጅ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት። ሲወጣ ከጀርባው የአባዬ አንድ እግር ካልሲ ተገኘ።

ት/ቤት እንደተለቀቀ ማስቱ መጣች። ከጋራዡ በር አላለፈችም። ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማ ወጣ ወይ አለችኝ። ነይና እዪው አልኳት። ከዚህ ይታየኛል አለች። ባዶው ታንከር መሬት ላይ ተጋድሟል። ብዙ አየችው። ከዚያ ቻው ሳትለኝ ሄደች።

እጄ ላይ ያለው ቆሻሻ አልለቅ አለ። 

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መያዣዎቹ ቀድመው ተበየዱ፣ ታንከሩ በጋራዡ ሌላኛው ጥግ ሆኖ። ከዚያ ተሰቀለ። ከሥሩ ወፍራም ላሜራ አድርጎለታል፣ የአባዬ ድንጋይ እንዳይበሳው። ባለ ቁልፍ ክዳን ተገጠመ። ታንከሩንም ውስጡን በቤንዚን አጥቦ ፀሐይ ላይ ገልብጦ አድርቆታል። አይቻለሁ፣ በዓይኔ።

ፓምፗ እንደተፈራው ናት። አንድ ጉርሻ ትስብና ታቋርጣለች። እድሪስ «አልነገርኩሽም?» አለ። ይህን «አልነገርኩሽም» የሚባል ቃል የፈጠረ ሰው! ትንሽ ተጨቃጨቅን። እሱ ሊሰግድ ሄደ፣ እኔ በንዴት ጋራዡን ጠረግኩለት። ሲመለስ ከአንድ ወዳጁ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ይዞ መጣ። ወለሉን ሲያይ በየቀኑ እንጨቃጨቅ አለኝ።

ቤንዚን ግን የለም። ማደያው ሰልፍ እስከ አደባባዩ ነው። ሰልፍ ውዬ ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። ከመንገድ ዳር ከሚሸጡት ገዛሁ፣ ምን ላድርግ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ከሰዓት 10 ሰ.

ተነሳች! በመጀመሪያው! እልል አልኩ፤ የጎረቤት ጋራዥ ሰዎች ሙሽራ የመጣ መስሏቸው ወጡ።

ይበልጣል ከት/ቤት በቀጥታ መጣ። በሩን ዘግቶ ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ፣ ፈተና የሚጠብቅ መምህር መስሎ። ወጥቶ የለም፣ አይሸትም አለ። አንጀቴ ራሰ። ቤት ሄደን ለማስቱ ነገራት። ቅዳሜ አምበር አብራኝ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጥፍሯን እየነከሰች እሺ አለች። እሺዋ ትንሽ ነበረች። እኔ ግን ያዝኳት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ዛሬ ለእኔም በዓል ነው፣ ለእድሪስም ጁምዓ ነው። ዳማ ደጅ ቆማ ትዝናና።

አባዬ ሳይነግሩን በማለዳ ከተፍ አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በትንሽ ጀሪካን ይዘው። ነጠላቸውን አደግድገው ዳማን ዙሪያዋን ረጯት፤ ጎማዋን፣ መስታወቷን፣ ወንበሯን። ማስቱንም ረጯት፣ ስትስቅ ነበር። እኔን ደግሞ አፍንጫዬ ላይ ደጋግመው ረጩኝ። አሜን አልን። እንደ ቃሌ አንዱን የታንከር ቁልፍ ሰጠኋቸው። ምሳ እስኪቀርብ እሳቸው ደጅ ከመኪናዋ ጋ ቆዩ፤ ልጃቸውን እየተሰናበቱ ነው ብዬ ተውኳቸው። ከብት አለብኝ ብለው በሚኒባስ ተመለሱ። ነገ ይዘናት እንመጣለን አልኳቸው። ደስ የሚል ቀን።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። ማታ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ማን ላይ ልጩህ?

ማስቱ አጠገቤ ነበረች። እስከ ከተማው መውጫ ድረስ መስኮቷን ይዛ ተቀመጠች፣ በኋላ ስለ ክፍል ጓደኛዋ ማውራት ጀመረች። አወራችኝ! ከዚያ ዳገቱ መጣ። ዳማ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ተንቀጠቀጠች። ደግማ አስነጠሰች፣ ቆመች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ከኋላችን የጭነት መኪና ክላክሱን ይነፋል። ማስቱ ፊቷ አመድ መሰለ። በሩን ከፍታ ወረደችና እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሮጠች። ብጠራት አትመጣም። ይበልጣል በባጃጅ መጥቶ ወሰዳት።  ባጃጇ ውስጥ ሆና አላየችኝም።

እድሪስን ደወልኩለት፣ መጣ። ቱቦውን ፈትቶ ትንሽ በጠርሙስ ቀዳ። ወደ ፀሐይ ቢያነሳው ከሥሩ ውሃ፣ ከላዩ ቤንዚን። ንጹሕ ውሃ!

ቆሽቴ አረረ። ታንከሩን አጥበህ ከነውሃው ገጠምክልኝ አልኩት። በቤንዚን ነው ያጠብኩት፣ ውሃ አልነካሁም፣ ይልቅ ከመንገድ ዳር የገዛሽውን ቤንዚን ጠይቂ አለኝ። ያን ስሰማ ባሰብኝ። ሰው ተሰብስቧል። ከአባትህ ጋራዡን እንጂ እጁን አልወረስክም አልኩት።

እንዲህ አልኩት። በሰው ፊት።

 ውሃውን እስኪጠራ ቀዳ፣ ሞተሩን አስነሳልኝ፣ ዕቃውን በከረጢት ሰብስቦ በእግሩ ወደ ከተማ ሄደ። ላድርስህ ልለው ነበር።  ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ አባዬ ደወሉ። ትናንት ሳንመጣ ስለቀረን ተጨንቀዋል። መኪናዋ እምቢ አለች ብቻ አልኳቸው። ጠበሉ ሳይሠራላት ነው ወይ፣ ደህና አድርጋ ጠጥታው አልነበረም ወይ አሉ።

ምን ጠጥታው አባዬ?

«ረጭተን ብቻ እንተዋት እንዴ? ሰው ሲታመም ይጠመቃል፣ ደግሞም ይጠጣል። የተረፈውን በአፏ አጠጣኋት።»

በዚያ በቁልፋቸው። ክዳኑን ከፍተው። በአፏ!

ድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቄም መጣ፣ ዕንባዬም መጣ፣ ማንኛው እንደቀደመ አላውቅም። እንዴት ይነገራቸዋል? መኪና ጠበል አትጠጣም አባዬ፣ ውሃ ሲገባባት ትቆማለች አልኳቸው፣ በተቻለኝ ቀስ ብዬ። ማስተዋል ውስጧ ነበረች ወይ ብለው ጠየቁ። ልዋሽ አሰብኩ። አዎ አልኳቸው። እሷን እንዳይነካት ብዬ እኮ ነው አሉ። ስልኩን ዘጉት። ድምፃቸው እንዲያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። መልሼ ደወልኩና ስለ ጤፉ፣ ስለ ላሟ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ አወራኋቸው።

ግን እድሪስስ? ኧረ እመቤቴ። እድሪስን ምን ልበለው?

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ሽማግሌ ልልክበት አሰብኩ። ድንጋይ ልሸከምም አሰብኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ጆንያ ድንች አሸክሜ ራሴ ሄድኩ።

ሻይ እየጠጣ ነው። ቁጭ በይ አላለኝም። ቆሜ ነገርኩት፣ ከጠበሉ እስከ አፏ ድረስ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደነገጥኩ፣ አስለቀስኩት ብዬ። ለካ እየሳቀ ነው! ብርጭቆውን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቁን አቆመ። መኪናሽን ስደቢ፣ እኔን ስደቢ፣ አባቴን ግን በዚያ በኩል አታምጪብኝ አለ። ይቅር በለኝ እድሪስ አልኩት። ይቅር ለአላህ አለኝ። ድንቹን አልወስድም ብሎ ነበር፤ ጥዬው መጣሁ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

እድሪስ ታንከሩን ፈትቶ አድርቆ መለሰው። ዛሬ ከሰልፍ ቤንዚን አገኘሁ፣ የማደያ። ዳማ ሰዓት ነው የምትመስለው። እድሪስ ጋቢናውን አሸተተ፣ ምንም። ይበልጣል አሸተተ፣ ምንም።

ማስቱን ለምነን ደጅ አወጣናት። በሩ ተከፍቶ፣ እግሯ መሬት ላይ እንዳለ፣ ራሷን ብቻ አስገባች።

ይሸታል አለች።

እድሪስ በወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ የቀረ የድሮ ሽታ ነው አለ። ይበልጣል ደግሞ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ ፈርታ ነው፣ በፍርሃት የሚሸት ብዙ ነገር አለ፣ ትንሽ ጊዜ ስጫት አለኝ። ከዚያ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብሎ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ማስቱ ሁለታችንም ፈገግ ስንል አየችን።

ሁለት አዋቂ አይሸትም ይላል። አንዲት ልጅ ይሸታል ትላለች። ፈራጇ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አፍንጫ የለኝም! ሰው በሰው አፍንጫ እንዴት ይኖራል?

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

በጠዋት ወንበሩን ነቅዬ ስፖንጁን በሳሙና አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ወለሉን በብሩሽ ፈገፈግኩት። ጉልበቴ ተላጠ። ከሰዓት ወንበሩን መልሼ ማስቱን ጠራኋት። መጣች። ራሷን አስገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ብዙ ቆየች። እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ብትፈልግ ይህ ጊዜው ነበር። አየችኝ።

«እማ፣ ይሸታል። ከጀርባ ነው የሚመጣው።» ድምጿ እየፈራ ነው።

ደብተር፣ አሁን የመጣብኝን ልንገርህ። በመጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ጉልበቴን እያየሁ፣ ምን ታመጫለሽ አንቺ ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ወዲያው ሣር ላይ የተኛችው ትዝ አለችኝ። ሁለቴ ነግራኛለች ያኔም። አሁንም ሁለቴ ነገረችኝ።

እንግዲያው ይሸታል ማለት ነው። ልጄ ይሸታል ካለች ይሸታል። ይበልጣል የራሱን ይበል፣ እድሪስ የራሱን ይበል። እሺ፣ ይሸታል አልኳት። ወዲያው አልሄደችም። ወንበሩን መልሼ ስነቅል ብሎኖቹን ተቀበለችኝ።

ነገ ወደ እድሪስ። ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። ሰውየውን በሰው ፊት አዋርጄ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ እንዲህ ቶሎ ተመልሼ ሥራህ ጎደሎ ነው ልለው! የት እገባለሁ? እሄዳለሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ገና ስገባ ደግሞ ምን አጠጣችኋት አለኝ። ልጄ ከጀርባ ይሸታል ብላለች፣ አምኛታለሁ፣ እይልኝ አልኩት። በረዥሙ ተነፈሰ። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ። ያ ነው ያስፈራኝ።

ከወንበሩ ጀርባ፣ የድሮው ቱቦ ያልፍበት የነበረ ቀዳዳ አለ፤ በላሜራ ከድኖት ነበር። እዚያ ላይ አፍንጫውን ለጠፈ። ቆየ። ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሥር ደግሞ ይቆያል! ሲወጣ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። የታንከሩን መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ አድርጎ ከጋቢናው ግድግዳ ጀርባ ነው ያሰረው፤ ጫፉ ከዚያ ቀዳዳ አጠገብ ነው። ታንከሩ የሚተነፍሰውን ጋቢናው ትንሽ ትንሽ ይስባል። ከቤንዚን ጋር ስውል አፍንጫዬ ደንዝዟል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለኝ እድሪስ።

 ቅዳሜ ለት ያላልኩት ስድብ የለም፣ ዛሬ ልክ ሆኜ ዝም አልኩ። ቆሜ ቁልፍ አቀበልኩት። ቱቦውን ወደ ኋላ፣ እስከ መኪናዋ ጭራ ወሰደው። ቀዳዳውን በጎማና በላሜራ በሁለት በኩል አሸገው፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ደፈነው።

ልሄድ ስል ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት አለኝ። ስድስተኛ አልኩት። ክረምት ከተዘጋ ላኪልኝ፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትፈትሽ አለ። ቀልዱን ነው። ግማሹን ግን አይደለም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ለይበልጣል ነገርኩት፣ ስለ ቱቦው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ከዚያ ተነስቶ ማስቱ የቤት ሥራ ወደምትሠራበት ገባ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ሲወጣ፣ ልጃችን ከሁላችንም የተሻለ አፍንጫ አላት አለኝ።

ልጃችን አለ።

ማስቱን ግን አልጠየቅኳትም። የመኪናዋ ሥራ አልቋል፣ ደጅ ናት አልኳት ብቻ። እሺ አለች። ከእሺዋ ምንም ማወቅ አልቻልኩም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1 ሰ.

የአምበር ገበያ ነው። ጆንያዎቹን ጫንኩ፣ ውሃዋን አየሁ፣ ዘይቷን አየሁ። ሞተሩ እየሞቀ ነው። እኔ እዚህ ጓዳ ቆሜ በአንድ እጄ ቂጣ በአንድ እጄ እስክሪብቶ።

የወሰንኩትን ልጻፍ። ማስቱን አልለምናትም፣ አላባብላትም። ዛሬ ቁርስ ላይ እንዲህ አልኳት፦ ከመጣሽ፣ ይሸታል ባልሽበት ቦታ አቆማለሁ። ዳገት ላይም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ገበያው ቢያመልጠኝም። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አንድ ጊዜ ከነገርሽኝ ይበቃኛል። ካልመጣሽ ደግሞ አልቀየምሽም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ይህንኑ እነግርሻለሁ።

ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን አጠበች። ሹራቧን ለበሰች። ደጅ ወጣች። ወደ ጎረቤት ትሂድ ወደ መኪናዋ አላየሁም። ይበልጣል መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ምን ይታይሃል አልለውም። እሱም አይነግረኝም። ይህ ሰው ለአንድ ጊዜ እንኳ

የመኪና በር ተዘጋ። የማን? የእኛ በር እንዲያ በኃይል ካልተመታ አይዘጋም።

ይበልጣል ዞረ። እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን

ክላክስ! ረዥም! በማለዳ ሠፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰችው። ረፈደ እማ እያለች ትጮኻለች፣ እኔ መጣሁ ስላት አትሰማኝም፣ እጇን ከክላክሱ ላይ አላነሳም ብላ